ጥምር የእርግዝና መከላከያ እንክብል፦ ደኅንነቱ የተገኘበት ታሪክ

ጥምር የእርግዝና መከላከያ እንክብል ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ይዟል። ዛሬ ይህን መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ አስቀድሞ የደም ግፊት ይለካል፤ ስለ ማጨስ፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ደም መርጋት ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች ከመድኃኒቱ ጋር አብረው የመጡ አይደሉም። ሴቶች የደረሰባቸውን በመናገራቸውና ጥቂት ሐኪሞች በማድመጣቸው የተገኙ ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሜክሲኮና በአሜሪካ የሚገኙ ኬሚስቶች በአፍ ሲወሰዱ የሚሠሩ ፕሮጄስቲኖችን አዘጋጁ። ግሪጎሪ ፒንከስና የማኅፀን ሐኪሙ ጆን ሮክ ከእነዚህ አንዱን መርጠው ሲመረምሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝግጅቶች ሜስትራኖል የተባለ ኤስትሮጅን ሳይታሰብ ተቀላቅሎባቸው ተገኘ። ይህ ባዕድ ነገር ተጣርቶ ሲወጣ ያለ ጊዜው የሚፈስ ደም በመብዛቱ፣ ሜስትራኖሉ ሆን ተብሎ እንዲመለስ ተደረገ። ኤስትሮጅን ወደ እንክብሉ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ሰፊው ሙከራ በ1956 በፖርቶ ሪኮ፣ በሪዮ ፒድራስ የመኖሪያ መንደር ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ ሴቶች መድኃኒቱ እርግዝናን እንደሚከላከል እንጂ ገና በሙከራ ላይ መሆኑ አልተነገራቸውም። ሙከራውን በቅርብ ይመሩ የነበሩት ዶክተር ኤድሪስ ራይስ ሬይ እንክብሉ እርግዝናን በሚገባ መከላከሉን መስክረው፣ 17 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ግን በማቅለሽለሽ፣ በማዞር፣ በራስ ምታትና በማስታወክ መቸገራቸውን፣ በዚህም ምክንያት ለሰፊው ሕዝብ የማይመች መሆኑን ጻፉ። ፒንከስ ግን አብዛኛውን ቅሬታ ከሥነ ልቦና የመነጨ ነው በማለት አልተቀበለውም። በ1960 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኢኖቪድን ለእርግዝና መከላከያነት ሲፈቅድ፣ አንዱ እንክብል 9.85 ሚሊግራም ፕሮጄስቲንና 150 ማይክሮግራም ሜስትራኖል ነበረው።

በ1961 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት ለማኅፀን ሕመም ስትወስድ የነበረች ነርስ በሳንባዋ ደም መርጋቱን ለላንሴት መጽሔት ጻፈ። በ1968 በብሪታንያ የታተሙ ጥናቶች ግንኙነቱን አረጋገጡ። በ1970 ከብሪታንያ፣ ከስዊድንና ከዴንማርክ የተሰበሰቡ ሪፖርቶች ደግሞ የኤስትሮጅኑ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው እንደሚጨምር አመለከቱ። የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴም አስቀድሞ፣ በ1969 መጨረሻ፣ ሐኪሞች ከ50 ማይክሮግራም ያልበለጠ ኤስትሮጅን ያለውን እንክብል እንዲያዝዙ መክሮ ነበር።

በ1970 የአሜሪካ ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ስለ እንክብሉ ምስክርነት ሲያሰሙ፣ እንክብሉን የወሰደች አንዲት ሴት እንኳ አለመጠራቷን በአዳራሹ የነበሩ ወጣት ሴቶች ተነሥተው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ለተጠቃሚዋ የሚሰጥ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ከእንክብሉ ጋር እንዲታሸግ ታዘዘ። ረቂቁ በብዙ ቢያጥርም፣ ስለ አደጋው የሚገልጸው ቃል ከሐኪሙ አልፎ በቀጥታ ወደ ሴቲቱ እጅ ደረሰ። በ1988 ከ50 ማይክሮግራም በላይ ኤስትሮጅን የያዙ እንክብሎች ከአሜሪካ ገበያ ወጡ። በዛሬዎቹ የተለመዱ እንክብሎች ውስጥ የኤስትሮጅኑ ዓይነት ከቀድሞው ቢለይም፣ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም ነው።

መጠኑ መቀነሱ አደጋውን አሳነሰው እንጂ አላጠፋውም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ማን ሊወስደው እንደሚችልና ማን መውሰድ እንደሌለባት የሚለይ መመሪያ አወጣ። ዕድሜዋ 35 የሞላና በብዛት የምታጨስ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባት፣ ደም የረጋባት፣ የእይታ መዛባት ወይም ሌላ ቅድመ ምልክት ያለው ማይግሬን የሚነሣባት፣ የጡት ካንሰር ያለባት፣ ወይም ከወለደች 6 ሳምንት ያልሞላትና የምታጠባ ሴት ሌላ ዘዴ እንድትመርጥ ይመከራል።

የመጠኑ መቀነስ ሌላም ግዴታ አስከትሏል፤ በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት መውሰድ የግድ ነው። አንድ እንክብል የረሳች ሴት እንዳስታወሰች ወዲያው ትውሰድ፤ የሚቀጥለውንም በተለመደው ሰዓቱ ትዋጥ። ሁለትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከረሳች ግን መውሰዷን እየቀጠለች ለ7 ቀናት በኮንዶም መጠቀም ይኖርባታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የእንክብሉን ኃይል እንደሚያዳክም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለታወቀ፣ ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። የእግር እብጠትና ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የእይታ መጥፋት ሲያጋጥም እንክብሉን አቁሞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል።

በ1956 የሪዮ ፒድራስ ሴቶች የተናገሩት ሳይደመጥ የቀረው መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም፤ እጅግ በሚገባ ስለ ሠራ ነው። ዛሬም እንክብሉ ከ100 ሴቶች ከ99 በላይ የሚሆኑትን በትክክል ሲወሰድ በዓመት ውስጥ ከእርግዝና ይጠብቃል። ይሁን እንጂ «ያመኛል» ያለችን ሴት «ይለመዳል» ብሎ ከመሸኘት በፊት የደም ግፊቷን መለካትና ቃሏን በካርዷ ላይ መመዝገብ የባለሙያው ፈንታ ነው።