ስፒናና ሶኬት፦ የኮምፒዩተር መገናኛዎች ታሪክና ትምህርቱ

የኮምፒዩተር ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ቀድመው የሚወሱት የታላላቅ ማሽኖች ፈጣሪዎች ናቸው። ከማሽኑ ጀርባ ተንጠልጥሎ አቧራ የሚለብሰው ገመድ ግን ታሪክ ያለው አይመስልም። ባለሙያውም ቢሆን የሚያስታውሰው አልገባ ሲለው፣ ወይም ገብቶ አልሠራ ሲለው ነው። ሆኖም ከሌላ መሣሪያ ጋር ያልተገናኘ ኮምፒዩተር የሚነግሩትን የማይሰማ፣ ያሰላውንም የማይናገር ሣጥን ከመሆን አያልፍም። ሁለት መሣሪያዎች እንዲገናኙ ደግሞ አስቀድመው መስማማት ያለባቸው መሣሪያዎቹን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፒና በብረትና በፕላስቲክ የተጻፈ ውል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስፒና የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ሲሆን በመነሻው ትርጉሙ እሾህ ነው። አንድ ስፒና ከአንድ ሶኬት ጋር እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መወሰን አለባቸው፤ አንደኛ ቅርጹ፣ ሁለተኛ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ሦስተኛም እያንዳንዱ ሽቦ የሚያስተላልፈው ነገር ትርጉም። ቅርጹ በዓይን ይታያል፤ ሁለቱ ግን አይታዩም። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ አብዛኛው ችግር የመጣው የሚታየው ሲስማማ የማይታዩት ሳይስማሙ በመቅረታቸው ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

በ1952 ካነን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የብረት ከለላው የላቲኑን ፊደል ዲ የሚመስል መገናኛ ለገበያ አቀረበ። ቅርጹ እንዲሁ ለውበት የተመረጠ አልነበረም፤ አንደኛው ጎን ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ በመሆኑ ተገልብጦ ሊገባ አይችልም። ከዓይነቶቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው በሁለት ረድፍ፣ 13 በላይ፣ 12 በታች ሆነው የተደረደሩ 25 ፒኖች ያሉት ነው።

በ1960 የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር አር ኤስ 232 የተባለውን ደረጃ አወጣ። የደረጃው ዓላማ ቴሌታይፕን የመሰለ የጽሕፈት መሣሪያ በሞደም አማካይነት ከስልክ መሥመር ጋር የሚገናኝበትን ሥርዓት መወሰን ነበር። ከ3 ቮልት የሚበልጥ ፖዘቲቭ ኃይል ዜሮን፣ ከ3 ቮልት የሚበልጥ ኔጋቲቭ ኃይል አንድን እንዲያመለክት ተደነገገ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ትርጉም የለውም። በ1969 ተሻሽሎ የወጣው እትም በዓለም ዙሪያ ሲሠራጭ፣ ባለ 25 ፒኑ መገናኛ ከዚሁ ደረጃ ጋር ተጣምሮ የማይነጣጠል መሰለ።

ዳሩ ግን ውሉ የተጻፈው ለመሣሪያና ለሞደም እንጂ ለሁለት ኮምፒዩተሮች አልነበረም። ጽሑፍ ሰጪው መሣሪያ በ2ኛው ሽቦ ይናገራል፣ በ3ኛው ይሰማል፤ ሞደሙም በተቃራኒው። ሁለት ኮምፒዩተሮች ያለ ሞደም በቀጥታ ሲገናኙ ግን ሁለቱም በ2ኛው ተናግረው ሁለቱም በ3ኛው ያዳምጣሉ። ስፒናው ልክ ገብቷል፤ ሆኖም ወሬ የለም። ባለሙያዎች ያገኙት መፍትሔ ሽቦዎቹን ማጠላለፍ፣ ይኸውም የአንዱን 2ኛ ከሌላው 3ኛ ጋር ማገናኘት ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ ቴክኒሻኖች ብየዳ ይዘው ያደሩት ለዚች ትንሽ ጉዳይ ነው።

የስፒና ጉዳይ ከብየዳ ጠረጴዛ አልፎ ፍርድ ቤት የደረሰው ደግሞ በትልልቆቹ ማሽኖች ምክንያት ነው። አይ ቢ ኤም ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒዩተር ቤተሰብ አስተዋወቀ። ከቤተሰቡ ትንሹም ትልቁም ማሽን ዲስክና ቴፕ የሚያገናኝበት ሥርዓት አንድ ዓይነት ነበር። ደንበኛው ማሽኑን በትልቅ ሲለውጥ ተጨማሪ መሣሪያዎቹን መጣል አላስፈለገውም። ነገር ግን ለደንበኛው የተከፈተው በር ለተፎካካሪም ተከፈተ። ሌሎች ኩባንያዎች በዚያው ገመድ ላይ የሚገጠሙ የቴፕና የዲስክ መሣሪያዎች እየሠሩ በረከሰ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። አይ ቢ ኤም ዋጋ በመቀነስና መሣሪያዎቹን በአዲስ መልክ በማዘጋጀት መለሰ። ከተፎካካሪዎቹ አንዱ የሆነው ቴሌክስ ኩባንያ ክስ መሠረተ፤ በ1973 በኦክላሆማ ግዛት የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለቴሌክስ ፈረደ፤ በ1975 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የክርክሩ ፍሬ ነገር ሲጨመቅ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ማሽኑን የሠራ ሰው ሶኬቱንም የራሱ ብቻ ያደርገዋልን?

ነሐሴ 12 ቀን 1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ለዚህ ጥያቄ ሳያስበው መልስ ሰጠ ማለት ይቻላል። ኩባንያው የማሽኑን የወረዳ ንድፍ በመጽሐፍ አሳትሞ ስለ ነበር፣ ማንም የፈለገ በውስጡ የሚሰካ ካርድ ለመሥራት ቻለ። በጀርባው ግን አሮጌው ችግር ተባብሶ ታየ። ለሞደም የተመደበው ወንዴ ስፒና 25 ፒኖች ነበሩት፤ ለማተሚያው የተመደበው ሴቴ ሶኬትም 25 ቀዳዳዎች። የማተሚያው ሥርዓት የተወረሰው በ1970 ሴንትሮኒክስ ካወጣው መሣሪያ ነው፤ ስምንት ቢቶችን በስምንት ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ይልካል፣ የሚሠራውም በ5 ቮልት ነው። በሞደሙ ሽቦ ላይ ደግሞ 12 ቮልት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይመላለሳል። በ1986 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ፕላስ ያንኑ ባለ 25 ቀዳዳ ሶኬት ለዲስክ ማገናኛ አዋለው። በዚህ ዓይነት አንድ ቅርጽ ሦስት ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናገረ። ገመዱ ገባ ማለት ሠራ ማለት አልነበረም፤ አልፎ አልፎም መሣሪያን ለጉዳት የሚዳርግ ነበር።

በ1987 አይ ቢ ኤም በሩን መልሶ ለመዝጋት ሞከረ። በዚያ ዓመት ባወጣቸው ፒ ኤስ 2 በተባሉ ማሽኖች ውስጥ የካርድ መሰኪያውን ለውጦ፣ በአዲሱ ሥርዓት ለመጠቀም የሚፈልግ ሁሉ የፈቃድ ክፍያ እንዲፈጽም ጠየቀ። በ1988 በኮምፓክ የሚመሩ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተባብረው ከአሮጌው ካርድ ጋር የሚስማማ የራሳቸውን ሥርዓት አወጡ። የአይ ቢ ኤም መሰኪያ ከጊዜ በኋላ ከገበያ ጠፋ። ከፒ ኤስ 2 ለረጅም ዘመን የቆየው ክብ የሆነችው ባለ 6 ፒን የኪቦርድና የማውስ ሶኬት ናት። እርስዋም ብትሆን ያው ጉድለት ነበረባት፤ ሁለቱ በቅርጽ አንድ በመሆናቸው ኪቦርዱን በማውሱ ቦታ መሰካት የተለመደ ስሕተት ሆነ። በኋላ ለኪቦርዱ ሐምራዊ፣ ለማውሱ አረንጓዴ ቀለም ተሰጠ። ቅርጽ ያጠፋውን ቀለም እንዲያርም ተደረገ ማለት ነው።

በነዚሁ ዓመታት ሌላ መንገድ የተከተሉም ነበሩ። በ1973 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ጣቢያ ሮበርት ሜትካልፍና ዴቪድ ቦግስ ኢተርኔትን ጀመሩ። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በአንድነት በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢት የሚያስተላልፈውን ሥርዓት ደረጃ አሳትመው ለሁሉም ክፍት አደረጉት። የመጀመሪያው ገመድ እስከ 500 ሜትር የሚዘረጋ ወፍራም ገመድ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሮች የሚቀጠሉበት ቦታ በየ2.5 ሜትሩ በምልክት ተለይቶ ነበር፤ ከአንድ ቦታ ቢበጠስ መሥመሩ በሙሉ ይቆማል። በ1990 የጸደቀው ደረጃ ግን የስልክ ሽቦ በመሰለ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በተገመደ ቀጭን ሽቦ እስከ 100 ሜትር ለመሥራት አስቻለ። ጥንዱ የሚገመደው የውጭ ረብሻ ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል ስለሚነካ፣ ተቀባዩ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ብቻ ሲያነብ ረብሻው እንዲጠፋ ነው። ገመዱ ቀጠነ፣ ብልሽቱም በአንድ ማሽን ተወሰነ፤ ውሉ ክፍት ስለ ነበረም ተቀናቃኞቹን አሸንፎ ቀረ።

ከዚህ ልምድ የተማሩ ሰባት ኩባንያዎች በ1994 ተሰብስበው የሞደሙን፣ የማተሚያውን፣ የኪቦርዱንና የማውሱን ሶኬት በአንድ ለመተካት ተነሡ። የመጀመሪያው የዩ ኤስ ቢ ደረጃ በጥር 1996 ወጣ። በውስጡ አራት ሽቦዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ ለ5 ቮልት ኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። የኃይሉ ንክኪዎች ከመረጃዎቹ ረዘም ተደርገው የተሠሩት፣ ስፒናው ሲገባ ኃይል ቀድሞ እንዲደርስ፣ ሲወጣም መጨረሻ እንዲለይ ታስቦ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ይርቃል። መሣሪያው እንደ ተሰካ ማንነቱንና ሥራውን ራሱ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል። ቀድሞ በቅርጽ ላይ የተጣለው ትርጉም በንግግር እንዲገለጥ ተደረገ። በ1998 አፕል አይማክን ሲያወጣ አሮጌዎቹን መገናኛዎች ትቶ ይህንኑ ስለ መረጠ የአዲሱ ሥርዓት መስፋፋት ተፋጠነ።

በ2014 ባለ 24 ንክኪ የሆነው ዩ ኤስ ቢ ሲ ወጣ፤ በየትኛውም ፊት ሊሰካ ስለሚችል ስፒና ማገላበጥ ቀረ። ከዚህ በኋላ ውሉን የሚጽፉት ኩባንያዎች ብቻ መሆናቸው አበቃ። የአውሮጳ ኅብረት ለዓመታት በፈቃደኝነት ስምምነት ሲሞክር ከቆየ በኋላ በ2022 ሕግ አወጣ፤ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ የሚሸጡ አዳዲስ የእጅ ስልኮች በዚህ ሶኬት ኃይል እንዲሞሉ፣ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮችም ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲከተሉ ተደነገገ። ከ2012 ጀምሮ የራሱን መገናኛ ይዞ የቆየው አፕል በ2023 ባወጣቸው ስልኮች ላይ ሶኬቱን ለወጠ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ተደመደመ ለማለት አያስደፍርም። ዛሬ በመልክ ፈጽሞ የማይለያዩ ሁለት የዩ ኤስ ቢ ሲ ገመዶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንደኛው 60 ዋት ኃይልና በሰከንድ 480 ሚሊዮን ቢት ብቻ፣ ሌላው 240 ዋትና 40 ቢሊዮን ቢት ሊያሳልፍ ይችላል። የአውሮጳው ሕግ የኃይል መሙላትን ጉዳይ ያዘ እንጂ የመረጃውን ፍጥነት አልወሰነም። የባለ 25 ፒኑ ተረት በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጥቷል፤ ገባ ማለት አሁንም ሠራ ማለት አይደለም።

ይህ ጉዳይ ስፒናውን ለማይሠሩ፣ ከውጭ ለሚያስገቡ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች የተለየ ክብደት አለው። ውሉ ሲጻፍ በጠረጴዛው ዙሪያ ያልተቀመጠ ሰው ውሉ ሲፈርስ ኪሳራውን ይካፈላል፤ ሶኬቱ በተለወጠ ቁጥር ደኅናው ማተሚያ፣ ደኅናው ባትሪ መሙያ እንደ ብልሹ ዕቃ ይጣላልና። እንግዲህ መሣሪያ የሚመርጥ ባለሙያ ቅርጹን አይቶ ብቻ መርካት የለበትም፤ ደረጃውን ማን እንዳወጣው፣ ለሁሉም ክፍት መሆን አለመሆኑን፣ ገመዱም በእርግጥ ምን ሊሸከም እንደሚችል መጠየቅ ይገባዋል። ያለፉት ሰባ ዓመታት የሚመሰክሩት ይህንን ነው፤ ረጅም ዕድሜ ያገኙት መገናኛዎች ብዙዎች አብረው የተስማሙባቸው ናቸው።