ከ«ሚያንቀጠቅጠው ሽባነት» እስከ ፓርኪንሰን ሕመም፦ ስምና የሕዝብ ግንዛቤ በታሪክ



ሚያዝያ 3 ቀን የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው ሕመሙን በሥርዓት የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን የተወለደበት በመሆኑ ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ላነሣው የምፈልገው አንድ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ምልክቱ ይህን ያህል በዐይን የሚታይ ሕመም፣ ሕመም ተብሎ ለመታወቅ ስለ ምን ይዘገያል? ከመልሱ ከፊሉ ያለው በስሙ ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል።

ፓርኪንሰን በ1755 በለንደን ሆክስተን በተባለው ሰፈር ተወለደ፤ የሰፈሩንም ሰዎች ሲያክም ኖሮ በ1824 ዐረፈ። በ1817 ባሳተማት 66 ገጽ ያላት መጽሐፍ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ብሎ የሰየመውን ሕመም ገለጸ። ማስረጃው ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም ሁለቱን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ነው፤ አንዱን ደግሞ ከሩቅ ከማየት በቀር አልመረመረውም። የአንዱንም አስከሬን ከፍቶ አላየም። በመቅድሙም ጽሑፉ በግምት ላይ የቆመ መሆኑን አምኖ፣ የሚያሳትመው ሌሎች ሊቃውንት ጉዳዩን እንዲመረምሩት ለማነሣሣት መሆኑን ገልጿል።

ታዲያ የእርሱ ድርሻ ምን ነበር? የእጅ መንቀጥቀጥ ከጥንት ጀምሮ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ፓርኪንሰንም ቀደምቶቹን ይጠቅሳል። እርሱ ያደረገው ተለያይተው ይታዩ የነበሩትን ምልክቶች ማገናኘት ነው። ዐርፎ በተቀመጠ እጅ ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ፣ ወደ ፊት የሚጎብጠው ወገብ፣ ሳይታሰብ ወደ ሩጫ የሚለወጠው እርምጃ፣ ሁሉም በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚገፋ የአንድ ሕመም ገጾች መሆናቸውን አስተዋለ። ለዚህ ያስፈለገው የሚያስተውል ዐይንና ትዕግሥት ነበር።

ይሁን እንጂ ያወጣው ስም ችግር ነበረበት። በ1870ዎቹ በፓሪስ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ፣ ብዙ ሕሙማንን ለረጅም ጊዜ ከተከታተለ በኋላ፣ ሁለቱም ቃላት እንደሚያሳስቱ አስረዳ። የሕሙማኑ ጡንቻ ኃይሉን ለረጅም ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ «ሽባነት» አይስማማውም። ከእነርሱም መካከል ፈጽሞ የማይንቀጠቀጡ ስላሉ «የሚያንቀጠቅጥ» የሚለው ሁሉንም አያቅፍም። የእንቅስቃሴ መዘግየትም ከጡንቻ መገተር የተለየ ራሱን የቻለ ምልክት መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ሕመሙ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ፤ ስሙም በዓለም ተስፋፋ።

የሕክምናው ዓለም ስሙን ለወጠ፤ የሕዝቡ ግንዛቤ ግን ዛሬም በአብዛኛው በ1817ቱ ርእስ ላይ ቆሟል። እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ፓርኪንሰን ያዘው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። እየደቀቀ የሚሄድ የእጅ ጽሑፍ፣ እየሳሳ የሚሄድ ድምፅ፣ ስሜት የማይነበብበት ፊት፣ ሲራመዱ የማይወዛወዝ አንድ ክንድ፣ ከእነዚህም ብዙ ዓመት ቀድሞ ሊመጣ የሚችለው የማሽተት ችሎታ መዳከም ሳይስተዋሉ ያልፋሉ።

ይህ መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ በ20ኛው መቶ ዘመን ተለወጠ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ ጉዳቱ በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ጠቆር ብሎ በሚታየው ሥፍራ መሆኑን አመለከተ። በ1957 አርቪድ ካርልሶን በመድኃኒት ደንዝዘው መንቀሳቀስ ያቃታቸውን ጥንቸሎች ሌቮዶፓ በመስጠት እንደገና እንዲንቀሳቀሱ አደረገ። በ1960 በቪየና እነ ኦሌህ ሆርኒኪዬቪች በሕሙማን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ መቀነሱን አረጋገጡ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ የሌቮዶፓን መጠን ቀስ በቀስ እያሳደገ በአፍ በመስጠት ታላቅ ለውጥ አስመዘገበ። መድኃኒቱ ሕመሙን አያጠፋም፤ ነገር ግን ሰው ራሱ እንዲለብስ፣ ራሱ እንዲጎርስ፣ ከቤት እንዲወጣ ያስችለዋል። እንግዲህ ከዚያ በፊት ሳይታወቅ የኖረ ሕመምተኛ የቀረበት በአመዛኙ የሕመሙ ስም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚቀርበት የመንቀሳቀስ ዓመታት ናቸው።

የታዋቂ ሰዎችም ድርሻ አለ። በ1984 ሕመሙ የተነገረው መሐመድ አሊ በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክን ችቦ በሚንቀጠቀጥ እጅ ሲለኩስ ዓለም አየ። ያ ምስል እፍረትን ሰብሯል፤ መንቀጥቀጥንም እንደገና የሕመሙ ብቸኛ ምልክት አስመስሎታል። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በ1998 ሕመሙን ይፋ ሲያደርግ ደግሞ ከ30 ዓመቱ በፊት እንደ ተያዘ ታወቀ፤ «የሽማግሌ በሽታ ነው» የሚለው አስተሳሰብም ተናጋ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት ሌላ ስም አዘጋጅተናል። ሲዘገይና ሲጎብጥ «አርጅቷል»፣ ፊቱ ሲደርቅ «አኩርፏል»፣ ሲንገዳገድ «ጠጥቷል»፣ ሲንቀጠቀጥ «እርግማን ነው» እንላለን። ፓርኪንሰን ያገናኛቸውን ምልክቶች እኛ መልሰን እንበታትናቸዋለን። በአዲስ አበባ ሕሙማንን የሚረዳና ስለ ሕመሙ የሚያስተምር ድርጅት ቢኖርም፣ የነርቭ ሐኪሞቻችን ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በአብዛኛውም በከተማ ይገኛሉ። ስለዚህ ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ልጅ፣ ጎረቤት፣ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም፤ መለየቱም የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙም ቢሆን ዛሬም በዋናነት የሚመረኮዘው በሕመምተኛው ታሪክ፣ በእጁና በአረማመዱ ላይ ነው። ያንን ታሪክ ከመጀመሪያው ሊነግረው የሚችለው ደግሞ አብሮት የሚኖር ሰው ነው።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ እርምጃ፣ ድምፅና የእጅ ጽሑፍ አንዱ ተለውጦ ብታገኙት፣ «ዕድሜ ነው» ከማለታችሁ በፊት «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው።