በመራጭና በማዕከል መካከል፦ የደኢህዴን የመጨረሻ ዓመታት በወላይታ

መግቢያ

ለረጅም ዘመን የገዛ ፓርቲ ምርጫ ሲቃረብ አመራሩ ለምን ይዝላል? የተለመደው መልስ የሥልጣን ዘመን መርዘምን፣ ሙስናን ወይም የግለሰቦችን መሰላቸት ያነሳል። ይህ መጣጥፍ የደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ደኢህዴን) የመጨረሻ ዓመታት መሠረት አድርጎ የተለየ መከራከሪያ ያቀርባል። በቀድሞው የደቡብ ክልል የወላይታ ዞን አመራር የዛለው ሹመቱን ከላይ፣ ጥያቄውን ከታች እየተቀበለ ሁለቱን ማስታረቅ ስለተሳነው ነው።

ወደ ላይ የሚያይ ፓርቲ

በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ደኢህዴን አባል የነበረበት ገዢው ግንባር፣ የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባር (ኢሕአዴግ)፣ እና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ያዙ። ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት ግን የሕዝብ ቅሬታ መውጫ አጣ። በቀጣዩ ዓመት አደባባይ ለወጣው ተቃውሞ ግንባሩ የሰጠው ምላሽ «ጥልቅ ተሃድሶ» የተባለ ግምገማ ነበር። ግምገማ ካድሬው በበላዮቹና በጓዶቹ ፊት የሚመዘንበት መድረክ እንጂ በመራጩ ፊት የሚቆምበት አይደለም። በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ደንብ መሠረትም ከላይ የተወሰነውን የበታቹ አካል ባያምንበትም ያስፈጽማል።

የዚህ አሠራር ገደብ በግልጽ የታየው የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የወላይታ ተወላጁ የደኢህዴንና የኢሕአዴግ ሊቀ መንበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ የመፍትሔው አካል ለመሆን ብለው የሥራ መልቀቂያ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ሰኔ በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል የደረሰው ግጭት ደግሞ የድርጅቱን ውስጣዊ አንድነት ክፉኛ ፈተነው።

ምርጫው ሲቃረብ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የወላይታ ዞን ምክር ቤት ከደቡብ ክልል ወጥቶ ራሱን የቻለ ክልል የመሆን (የክልልነት) ጥያቄን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ምክር ቤቱ የገዢው ፓርቲ አባላት ምክር ቤት ነበርና ውሳኔው የተቃዋሚዎች ድል አልነበረም። የፓርቲው የታችኛው እርከን ከላይኛው ይልቅ መራጩን የመረጠበት ቅጽበት ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት የደቡብ ክልል ምክር ቤት ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት ነበረበት። ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሳው የሲዳማ ዞን ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ሲያገኝ የወላይታ ቀነ ገደብ ግን ያለ ምላሽ አለፈ። በእነዚያው ሳምንታት ደኢህዴን ኢሕአዴግን በተካው በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ከሰመ።

ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ የነበረው ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም፣ አመራሩ ለሕዝብ መልስ የሚሰጥበት ቀን ጠፋ፤ ጥያቄው ግን አልተራዘመም። የወላይታ ተወካዮች የክልሉን ምክር ቤት ስብሰባ ረግጠው ወጡ። ነሐሴ 3 ቀን የዞኑ ዋና አስተዳዳሪ ዳጋቶ ኩምቤን ጨምሮ በርካታ ሹማምንትና የማኅበረሰብ ተወካዮች በዞኑ ዋና ከተማ ሶዶ ተያዙ። በማግስቱ በሶዶና በዞኑ ሌላ ከተማ በቦዲቲ ለተቃውሞ በወጡ ሰዎች ላይ ተተኩሶ ሕይወት ጠፋ። በፓርቲ ስብሰባ ሊፈታ ይገባው የነበረ ልዩነት በቦዲቲ ጎዳና ላይ የዜጎችን ደም አስከፈለ። ማንኛውም የፓርቲ ሥርዓት ትንተና ይህን ዋጋ መቁጠር አለበት።

አንድ ተቃራኒ ክርክር

ሹማምንቱ ክልልነትን ያነሱት ሥልጣናቸውን ለማዳን ነው የሚል ክርክር አለ። የግል ጥቅም አልነበረም ማለት አይቻልም፤ አዲስ ክልል አዲስ ሹመትና በጀት ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ሹመኛ ለሥልጣኑ ሲል የሕዝብ ጥያቄ ካነሳ፣ የምርጫ ዓላማም ይኸው ነው፦ የፖለቲከኛውን ጥቅም ከመራጩ ፍላጎት ጋር ማሰር። ስሕተቱ ሹመኛው ወደ መራጩ ማዘንበሉ ሳይሆን ፓርቲው ይህን ዝንባሌ እንደ ክህደት መቁጠሩ ነው።

ማጠቃለያ

የ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ወላይታን ከሌሎች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አቀፈ፤ ሶዶም የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ሆነች። በወላይታ ዞን ድምፅ አሰጣጡ በተፈጸሙ ጥሰቶች ምክንያት ሰኔ 12 ቀን እንደገና መካሄዱ ግን የአደረጃጀት ለውጥ ብቻውን መተማመንን እንደማይመልስ ያሳያል። የዛለን ገዢ ፓርቲ ሌላ ተሃድሶ ወይም አዲስ ስያሜ አያበረታውም። የዞን ምክር ቤት አባል ከፓርቲው ማዕከል ተለይቶ ድምፅ ሲሰጥ ከእስር የሚጠበቅበት፣ ምርጫም በቀኑ የሚካሄድበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ይህ ሲሟላ የታችኛው አመራር ከሕዝቡ የሰማውን ሳይፈራ ወደ ላይ ያደርሳል፤ ፓርቲውም ቅሬታን ከጎዳና በፊት በስብሰባ አዳራሽ ይሰማል።