እያንዳንዱ በደጁ ፊት ለፊት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተዳፋት ላይ የሚያርስ ገበሬ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ የላይኛው እርከን ከተናደ ጎርፉ የታችኛውን ማሳ ይዞ ይወርዳል። ጎርፍ «ማን አፈረሰው?» ብሎ አይጠይቅም።

አይሁድ ይህንኑ ከከተማ ቅጥር ተምረውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ገደማ፣ የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰማ። አለቀሰ፣ ጾመ። ሲጸልይ ግን ጥፋቱን በሌላ አላሳበበም፤ ራሱንና የአባቱን ቤት ከበዳዮቹ ጋር ቆጠረ።

ከዚያም ተነሥቶ ሄደ። ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ፍርስራሽ ጠገኑ። ወርቅ አንጥረኛውም፣ ሽቶ ቀማሚውም፣ ነጋዴውም ድንጋይ ተሸከመ። ሰሎም የተባለ ሹም ከሴት ልጆቹ ጋር ሠራ። የቴቁሐ መኳንንት ግን እምቢ አሉ፤ እምቢታቸውም ተጽፎ ቀረ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ።

የጎንደር ቤተ እስራኤል ይህን አልረሱም። ከአስተሰርዮ 50 ቀን በኋላ፣ በስግድ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው እንደ አምቦበር ባሉ ቦታዎች ተራራ ይወጡ ነበር። ከመጽሐፈ ነህምያ ይነበባል፤ ሕዝቡ ይናዘዛል፤ ቃል ኪዳኑ ይታደሳል።

ከተራራው ሲወርዱ ብዙዎቹ ወደ ወናፋቸው ይመለሱ ነበር። የጎረቤቱን ማረሻ ይሠሩ፣ የዶለዶመውን ይስሉ ነበር። ጎረቤት ግን «ቡዳ» ይላቸው ነበር። የሚጠግነውን እጅ የሚያገል አገር ቅጥሩን በገዛ እጁ ያፈርሳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ግን ሃምሳውም አንድ አንድ ሲያነሣ ብቻ ነው።