ባቡሩ ሐረርን ለምን ዘለላት?

የሰፈሮች ዓምዳችን ተራ ዛሬ የድሬዳዋው ከዚራ ነው። የታወቀውን በአጭሩ እንለፈው፦ የጅቡቲው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደረሰ፤ ኩባንያው ከጣቢያው ፊት ቀጥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን ቀይሶ ዛፍ ተከለ፤ ከተማዋም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ስሙ ግን አልጸናም።

የሚያከራክረው ሐረር ራሷ እንዴት ቀረች የሚለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል የመጀመሪያው መስመር ከጅቡቲ ሐረር ይደርሳል ይላል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ምክንያት ተራራው ነው፦ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ። ዳገቱ ቀልድ እንዳልሆነ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ተራራው ውሉ ሲፈረምም እዚያው ነበር። የተለወጠው የኩባንያው ኪስ ነው። ኢልግና ፈረንሳዊው ሸፍኔ ያቋቋሙት ኩባንያ ገና በረሃውን ሳይጨርስ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላም ሐዲዱ ለዓመታት ፈቀቅ አላለም፤ የአውሮፓ ኃያላን በመስመሩ ሲናቆሩ ኩባንያው ከሰረ። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከዚራን ከዚራ ያደረጉት እነዚያ የቆሙ ዓመታት ናቸው። የደጋው ቡናና ቆዳ በግመልና በበቅሎ መጥቶ እዚህ ይራገፍ ነበር፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ ሱቅና መጋዘን ከፈቱ። ከዚራ ግን የኩባንያው ሰፈር ነበር። የሚወደሰው መደባለቅ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና አማራው በተጎራበቱበት መጋላ ይበልጣል። ዛሬም በቀፊራ ገበያ የሙሸበክ ጣፋጭ ሻጯ በኦሮምኛ ዋጋ ትጠራለች፣ በሶማልኛ ትከራከራለች፣ ሲሰለቻት «በቃ ውሰደው አቦ!» ብላ በአማርኛ ትዘጋዋለች።

ከዚያ ወዲያ ጣሊያን መጣ፣ ሄደ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችንና ትልልቅ ድርጅቶችን ሲወርስ ከውጭ ዜጎቹ ብዙዎቹ ተሰናበቱ፤ በረንዳዎቹ ቀሩ።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ከዚራን ዘሏታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠናም ተከፍቷል። አሁንም ነጋዴው ቤት የሚከራየው ጭነቱ ወደሚራገፍበት ተጠግቶ ነው።