መሠረት ከመደፈኑ በፊት፦ የግንባታ ፈቃድ፣ ቁጥጥርና የባለሙያ ሥልጠና በሐይቅና በአምባሰል

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው የሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ አምባሰሏ ውጫሌ ሲዘልቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ አንድ ለውጥ ያስተውላል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ቦታውን ለብሎኬትና ለአርማታ እየለቀቀ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት አሸዋና ጠጠር የተቆለለበት፣ ከጣሪያው በላይ ለወደፊት ፎቅ የተተወ ብረት የቆመበት ግቢ በየመንደሩ ይታያል።

ለውጡ የኑሮ መሻሻል ምልክት ቢሆንም አዲስ ኃላፊነትም ይዞ መጥቷል። የጭቃ ቤት ሲያረጅ ይናገራል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፤ ባለቤቱም መርጎ ይጠግነዋል። የአርማታ ምሰሶ ግን ጉድለቱን በሆዱ ይዞ ለዓመታት ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ብረቱ ማነሱ፣ አሸዋው አፈር የበዛበት መሆኑ፣ መሠረቱ ጠንካራ መሬት አለመድረሱ ከተሸፈነ በኋላ በዓይን አይታይም። የከተማ አስተዳደሮች የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡት፣ ተቆጣጣሪ የሚያሰማሩትና የባለሙያ ብቃት የሚጠይቁትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቤት ሠሪውም ምን ማወቅ እንደሚገባው ያብራራል።

አካባቢው ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል?

ሐይቅና አምባሰል የሚገኙት የወሎ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ በሚያዘቀዝቅበት የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ይህ ጠርዝ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያውቀው ነው። በ1953 ዓ.ም. መገባደጃ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የተከሰተው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በካራ ቆሬም በርካታ ቤቶችን ጥሏል፤ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድም ሰነጣጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በርካታ ነዋሪዎችም ከቀያቸው እንዲነሡ ተደርጓል።

ሁለተኛው ስጋት ተዳፋቱ ነው። በደሴና በአካባቢዋ ክረምት በገባ ቁጥር የመሬት መንሸራተት የቤትና የመንገድ ስጋት ሆኖ ቆይቷል። ተራራን ቆርጦ ቤት መሥራት ከበላይ ያለውን አፈር ድጋፍ ያሳጣዋል። የጎርፍ ማስቀየሻ ካልተበጀለት ውኃው ወደተቆረጠው መሬት ይሰርግና አፈሩን ያከብደዋል።

ሦስተኛው አርሶ አደሩ ከማንም በላይ የሚያውቀው መረሬ አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅለው ይህ አፈር መሠረት ሲያርፍበት ቤቱን በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህም በመረሬ ላይ የሚሠራ ቤት አፈሩ ተቆርጦ ከወጣና በተመረጠ ሙሌት ከተተካ፣ አለዚያም መሠረቱ ጠንካራውን ንጣፍ እስኪያገኝ ከተቆፈረ በኋላ ሊጀመር ይገባል።

ሕጉ የዘረጋው ሥርዓት

በአገራችን የከተማ ግንባታን በአንድ ማዕቀፍ ያስገባው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የተደነገገ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ባሉት ላይ ተፈጻሚ እንዲሆን የመወሰኑን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። የግንባታ ሕጎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ይገባል። የሥርዓቱ አጥንት ግን እንደሚከተለው ነው።

አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ምድብ «ሀ» በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ነው፤ አብዛኛው የመኖሪያ ቤት እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ምድብ «ለ» የምሰሶዎቹ ርቀት ከ7 ሜትር የሚበልጥ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው ሆኖ በምድብ «ሐ» የማይካተት ሕንፃ ነው። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃን፣ ፋብሪካንና ወርክሾፕን፣ እንዲሁም ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥን ማንኛውንም ሕንፃ ያጠቃልላል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚቀርበው ንድፍ፣ የሚጠየቀው ባለሙያና የሚደረገው ቁጥጥር ይጠብቃል።

በየከተማው ይህን ሥራ እንዲመራ አዋጁ ያቆመው ኃላፊ «የሕንፃ ሹም» ይባላል። የቀረበለትን ንድፍ ይመረምራል፤ ሲሟላ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሲጎድል ምክንያቱን ገልጾ ይመልሳል፤ ግንባታው ከፈቃዱ ውጭ ከሄደ ያስቆማል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቤት የማለት መብት አለው። ይህ መብት በሰፊው የማይታወቅ ቢሆንም ባለጉዳዩን ከዘፈቀደ ውሳኔ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

አዋጁ የጎረቤትንና የአካባቢን ደኅንነትም ያስባል። ቁፋሮው የጎረቤትን ቤት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ገንቢው አስቀድሞ የመከላከል ግዴታ አለበት። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ ሊኖረው ይገባል። የመጸዳጃና የፍሳሽ ጉዳይም በንድፉ ይታያል፤ የሐይቅ ሐይቅን ያህል በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የሌለው ውኃ ላለው አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተፋሰሱ የሚወርደው ቆሻሻ ሁሉ ማረፊያው እዚያው ነውና።

ከይዞታ ማረጋገጫ እስከ መጠቀሚያ ፈቃድ

ቤት ሠሪው በቅድሚያ የይዞታ ማረጋገጫውን ይዞ በቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ ይጠይቃል፤ ይህ የፕላን ስምምነት ይባላል። መንገድ የሚያልፍበት፣ የውኃ መውረጃ የተከለለበት ወይም ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ቦታ ከሆነ የሚታወቀው ገንዘብ ሳይወጣ በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ቀጥሎ ንድፍ ይዘጋጃል። ለምድብ «ለ» እና «ሐ» የሥነ ሕንፃና የስትራክቸር ንድፍ በተመዘገቡ ባለሙያዎች ተሠርቶ ይቀርባል፤ እንደ ሕንፃው ዓይነትም የአፈር ምርመራ ውጤት ይታከልበታል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሥራው ሲጀመር ለሕንፃ ሹሙ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ግንባታው ሲጠናቀቅ በተለይ የምድብ «ሐ» ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኝ አገልግሎት መስጠት አይችልም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋም ወይም የስብሰባ አዳራሽ በዚህ ሚዛን መታየቱ ተገቢ ነው፤ አደጋ ቢደርስ የሚጎዱት የገንቢው ቤተሰቦች ብቻ አይደሉምና።

ቁጥጥሩ የሚፈተንበት ሰዓት

ቁጥጥር ዋጋ የሚኖረው ሥራው ከመሸፈኑ በፊት ሲደረግ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ቁፋሮው አልቆ መሠረት ከመሞላቱ በፊት ነው፤ ተቆጣጣሪው የአፈሩን ዓይነትና የጉድጓዱን ጥልቀት ያያል። ሁለተኛው የምሰሶና የቢም ብረት ታስሮ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ነው፤ የብረቱ ውፍረትና ብዛት፣ በዙሪያው የሚታሰረው ስታፋ ርቀት ይለካል። ሦስተኛው የሶሌታ ብረት ከተዘረጋ በኋላ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዓታት ካለፉ ቀሪው ግምት ይሆናል።

ለከፍተኛ ሕንፃዎች አርማታው ራሱ ይመረመራል። በሥራው ቦታ ከሚፈሰው አርማታ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቅርጽ ናሙና ይወሰድና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ላቦራቶሪ ለማይደርስ ተራ ቤትም ቀላል መፈተሻ አለ። አሸዋን በሚያሳይ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ሞልቶ፣ ውኃ ጨምሮ፣ በደንብ በጥብጦ ማሳደር ነው። በማግስቱ ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ደለል መጠን ይለካል፤ ከአሸዋው 6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ ወይም መቀየር አለበት።

ሕግ ኖሮ ቁጥጥር ሲላላ ምን እንደሚከተል ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቱርክ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አሳይቷል። አገሪቱ ዘመናዊ የግንባታ ደንብ ነበራት፤ ያም ሆኖ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቀደም ባሉት ዓመታት ከደንቡ ውጭ ለተሠሩ ሕንፃዎች በክፍያ ሕጋዊነት ይሰጥ እንደነበር ከአደጋው በኋላ ብዙ ተብሎበታል። ቅጣት ከፍሎ የተገኘ ወረቀት ምሰሶ ውስጥ የጎደለውን ብረት አይተካም።

ግንበኛውና ተቋራጩ

የወረዳ ከተማ ተቆጣጣሪ በእያንዳንዱ ግቢ፣ በእያንዳንዱ ቀን ሊገኝ አይችልም። በሥራው ላይ ውሎ የሚያድረው ግንበኛው፣ ብረት አሳሪውና አናጺው ነው። ስለዚህ ሥልጠና ከቁጥጥር ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

በአገራችን የሥራ ተቋራጮች እንደ አቅማቸው በደረጃ ተከፍለው ይመዘገባሉ፤ ደረጃ 1 ከፍተኛው ሲሆን ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሊይዙት የሚችሉት ሥራ ያንሳል። የእጅ ባለሙያው ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጥኖ የብቃት ምዘና ይወስዳል። ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶች የደሴው ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በቅርብ የሚገኙ ናቸው። ከአባቱ ወይም ከሌላ ግንበኛ አይቶ የተማረ ባለሙያም ችሎታውን አስመዝኖ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል።

ሥልጠናው ሊያስተካክላቸው የሚገቡ ልማዶች የታወቁ ናቸው። አርማታን ለማቅለል ውኃ ማብዛት ጥንካሬውን ይቀንሳል። ስታፋን አራርቆ ማሰር ምሰሶው መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዲፈነዳ ያደርገዋል። የፈሰሰን አርማታ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ አለማጠጣት ከውስጡ ሳይጠነክር እንዲደርቅ ያደርገዋል። በድንጋይ ግንብ ውስጥ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ አለማስገባት፣ በግድግዳው አናት ላይም ዙሪያውን የሚያስር የአርማታ መቀነት አለማድረግ ግንቡን ለሁለት ይከፍለዋል። አብዛኞቹ እርማቶች ተጨማሪ ሲሚንቶ ሳይሆን ተጨማሪ ጥንቃቄ ብቻ የሚጠይቁ ናቸው።

ሕጉም ባለሙያውን ተጠያቂ ያደርጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለአሠራሩ ትክክለኛነትና ለጽናቱ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። በቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ከተቋራጭ ጋር የጽሑፍ ውል መግባት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለአርሶ አደሩ ምን ማለት ነው?

ከተሞቹ ሲሰፉ የገጠር መሬት ወደ ከተማ ክልል ይገባል። በከተማው ጠርዝ ላይ በርካሽ የሚሸጥ መሬት ገዝቶ፣ ፈቃድ ሳያወጣ በሌሊት የሚሠራ ቤት «የጨረቃ ቤት» እየተባለ ይጠራል። ልጁን ከተማ ለማስተማር ወይም እርጅናውን በመንገድ ዳር ለማሳለፍ በሬ ሸጦ እንዲህ ያለ ቤት የሠራ አርሶ አደር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ቤቱ ሊፈርስበት ይችላል፤ የልማት ተነሺዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ በመሆኑም የካሳ መብት አይኖረውም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጥቂት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለመኖሪያ የተመደበ ነው? ሻጩ የይዞታ ማረጋገጫ አለው? ክረምት ሲገባ ውኃው የሚወርደው በየት በኩል ነው? አፈሩ መረሬ ነው ወይስ ጭንጫ? ሥራውን የሚይዘው ግንበኛ የብቃት ማረጋገጫ አለው? ቀደም ሲል የሠራው ቤትስ የት ይገኛል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማጣራት ይቻላል፤ ቀጣዮቹን ሁለቱን አርሶ አደሩ ራሱ ከማንም በተሻለ ያውቃቸዋል።

ግንባታው ሲጀመርም መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት፣ የምሰሶውና የሶሌታው ብረት አርማታ ከመልበሱ በፊት ተቆጣጣሪ እንዲያየው መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ለዚያ አንድ ቀን ሥራ ማቆም ያስከፍል ይሆናል። የተደፈነ መሠረት ግን ዳግም ቆፍሮ ለማየት ከአንድ ቀን በላይ ይጠይቃል፤ ያውም ቤቱ ቆሞ ከጠበቀ ነው።