የሰው ጉዞና የስልክ መረብ፤ ከቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት እስከ ሞባይል

መግቢያ

የዚህ አጭር ጥናት ዐላማ የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን አገናኝቶ ማሳየት ነው። አንደኛው የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲጓዝ የኖረበት ልማድ ነው። ሁለተኛው መሐንዲሶች የሞባይል ኔትወርክን ለማሻሻል የሰውን እንቅስቃሴ በሒሳብ የሚገልጹበት ጥበብ ሲሆን፥ ይህንንም ሞዴል ይሉታል። ሒሳቡን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን። ዳሩ ግን ሰው ወዴት፥ መቼና ስለ ምን እንደሚሄድ መመርመር የታሪክም ሥራ ስለ ሆነ፥ በዚህ ረገድ የምናቀርበው ሐሳብ አለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና የወር ስሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ስለ ገበያና ስለ በር

ስልክ ባልነበረበት ዘመን ቃል የሚሄደው በሰው እግር ነበር። ስለዚህ መልእክት የሚልክ ሁሉ አስቀድሞ የሰውን መንገድ ማወቅ ነበረበት። አዋጅ በገበያ ቀን የሚነገረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነጋሪት ተጎስሞ በአንድ ስፍራ የተነገረውን ቃል፥ ገበያተኛው ጨውና እህሉን ይዞ ሲመለስ በየመንደሩ ያደርሰው ነበር። የገበያ ቀን ምን ያህል የጸና ሥርዓት እንደ ነበረ የቦታ ስሞች ይመሰክራሉ። የታች ጋይንት ዋና ከተማ ዓርብ ገበያ ትባላለች፤ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይም ሐሙሲት ትገኛለች። ሕዝቡ በየሳምንቱ የሚያደርገው ጉዞ በከተማው ስም ላይ ተጽፎ ቀርቷል ማለት ነው።

መንገዱም እንደ ቀኑ የተወሰነ ነው። አገሩ አምባና ገደል፥ ደጋና ቆላ የተቀላቀለበት በመሆኑ መንገደኛ እንደ ወደደ ሊያቋርጠው አይችልም፤ በታወቀ በር ያልፋል እንጂ። ከጋይንት ወደ ዋድላ ለሚሻገር የጨጨሆ በር እንዲህ ያለ ማለፊያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጎተቱ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። ያን ያህል ወራት የፈጀባቸው በጋይንትና በዋድላ በኩል ለመድፉ መንገድ እያስጠረጉ ስለ ሄዱ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ቻይናውያን መሐንዲሶች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድም በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ጋሸና ይወጣል። ሠራዊትም ሆነ መኪና ተፈጥሮ የከፈተውን በር መከተሉ አልቀረም።

ስለ ተማሪዎች ጉዞ

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለምርምር የሚመቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ጉዞ ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ በየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ ትምህርቱን አስመስክሮ መምህር ለመባል ወደ እርሷ ይሄዳል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፥ ለቅዳሴ ወደ ሰለልኩላ፥ ለቅኔ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ ይኬዳል። ተማሪው ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ምግቡን እየለመነ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ከላይ ሆኖ ለሚመለከተው እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የአንድ መረብ ቋጠሮዎች ይመስላሉ፤ ተማሪዎቹም ቋጠሮውን ከቋጠሮ የሚያያይዙ ክሮች ናቸው።

ተማሪው ዜማ ብቻ አይደለም የሚሸከመው። ደብዳቤም፥ ሰላምታም፥ መርዶም ይሸከማል። ልጃቸውን ለብዙ ዓመታት ያላዩ ወላጆች በሕይወት መኖሩን የሚሰሙት፥ ከዚያ ጉባኤ ቤት የተመለሰ ሌላ ተማሪ በደጃቸው ሲያልፍ ነበር። መልእክቱ ይዘገያል እንጂ ብዙውን ጊዜ ይደርሳል፤ ጉዞው ሥርዓት አለውና።

ይህ አሠራር በዘመናችን የምርምር ርእስ ሆኗል። በ2003 ኬቪን ፎል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፥ ግንኙነት ዘወትር በማይገኝበት አገር መልእክት እየተጠራቀመ፥ ተሸካሚ ሲገኝ የሚተላለፍበትን መረብ ንድፍ አቀረበ። በዚያው ዘመን ዳክኔት በተባለው ሥራ በሕንድ ገጠር አውቶቡሶች የሬዲዮ መሣሪያ ተጭኖባቸው የመንደሩን ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ እያነሡ ወደ ከተማ ያደርሱ ነበር። አውቶቡሱ የጠቀመው የሚያልፍበት መንገድና ሰዓት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነበር።

ስለ መረቡና ስለ ሞዴሉ

በአገራችን የስልክ ሥራ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1894 ተጀመረ፤ ሞባይል በ1999 ገባ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2022 ከኢትዮ ቴሌኮም ቀጥሎ ሁለተኛው ድርጅት ሆኖ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በሽቦ ስልክ ጊዜ ሰው ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር፤ በሞባይል ጊዜ ግን መረቡ ሰውን መከተል አለበት። ሰውየው ሲጓዝ ንግግሩ ሳይቋረጥ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ሲደወልለትም መረቡ በየትኛው ቀበና ላይ እንዳለ ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ማማው የት እንደሚተከልና ምን ያህል ሰው እንደሚያስተናግድ ለመወሰን የሰውን እንቅስቃሴ መገመት ግድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ግምቶች እጅግ ቀላል ነበሩ። በ1996 ጆንሰንና ማልትዝ በተጠቀሙበት ሞዴል መንገደኛው በሜዳ ላይ አንድ ነጥብ በዕጣ ይመርጣል፤ በቀጥታ ይሄዳል፤ ጥቂት ያርፋል፤ እንደ ገና ሌላ ነጥብ ይመርጣል። ለፈተና ቢመችም እንዲህ የሚሄድ ሰው በጋይንት የለም። በገደል ላይ ቀጥታ መንገድ የለም፤ ወደ ገበያም በዕጣ የሚሄድ የለም።

በ2008 ጎንዛሌዝ፥ ሂዳልጎና ባራባሺ የ100,000 የሞባይል ባለቤቶችን እንቅስቃሴ መርምረው፥ ሰው ወደ ጥቂት የታወቁ ስፍራዎች ደጋግሞ እንደሚመለስ አስረዱ። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሰው እንቅስቃሴ እስከ 93 በመቶ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል መሆኑን ገለጸ። የገበያ ቀን የወሰኑ አባቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁት ነበር።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የየአገሩ ነው። በእኛ አገር ከ7 ቀን ሳምንት ጋር የ30 ቀን ወር አብሮ ይሠራል። በወሩ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፥ በ21 እመቤታችን ይታሰባሉ፤ ገበሬው ከእርሻ ያርፋል፤ ማኅበርተኛው ይሰበሰባል። በዓሉ ዛሬ ሰኞ ቢውል በሚቀጥለው ወር ረቡዕ ይውላል፤ ስለዚህ ሳምንትን ብቻ የሚቆጥር ሞዴል አያገኘውም። ፋሲካና አጽዋማት ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ይወጣሉ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሐንዲስ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቀን ከብዙ ዓመት በፊት ሊጽፈው ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ሌሊቱ ነው። ኀይል ለመቆጠብ ሰው ይተኛል ተብሎ በሚታሰብበት ሰዓት የማማን ሥራ መቀነስ በዓለም የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን በበዓል ዋዜማ ማሕሌት ሲቆም ሕዝቡ የሚሰበሰበው በዚያው ሰዓት ነው። ከሩቅ መጥቶ በሕዝብ መካከል በሌሊት የታመመ ሰው ቢኖር፥ የባዕድ አገርን እንቅልፍ ተመልክቶ የተሠራ ሞዴል የሚያሳርፈው ያንኑ ለእርሱ የሚያስፈልገውን ማማ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፥ ስልክ የሌለው ሰው በስልክ መዝገብ አይታይም። በመዝገቡ ብቻ የሚመራ መሐንዲስ ማማ የሚተክለው ቀድሞ ስልክ ለበዛበት ነው፤ የተረሳው እንደ ተረሳ ይቀራል። ሁለተኛ፥ በ2013 የወጣ ጥናት በ1.5 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ውስጥ አራት የጊዜና የቦታ ምልክቶች ብቻ ከመቶው 95ቱን ለይቶ ለማወቅ እንደሚበቁ አሳይቷል። ስለዚህ ስምን መሰረዝ ብቻውን ምስጢርን አይጠብቅም። መረቡ የሚያስፈልገው የብዙዎችን ጉዞ እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ገመና አይደለምና፥ መዝገቡ በብዛት ተጠቃሎ ብቻ ሊሰጥ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የሕዝብ ጉዞ ቀን፥ በርና ምክንያት አለው። ይህም በስልክ መዝገብ ብቻ አይገኝም፤ በቦታ ስም፥ በበዓል አቆጣጠር፥ በጉባኤ ቤቶች ልማድና በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ከየአውራጃው የመጣን ተማሪዎች በዕረፍት ወደ ወላጆቻችን ስንመለስ፥ የአገራችንን የገበያ ቀኖች፥ የንግሥ በዓላትና የእግር መንገዶች፥ ክረምት የሚዘጋቸውንም ወንዞች ጭምር ጽፈን ብናመጣ፥ ለታሪክ ክፍልም ለምሕንድስና ክፍልም የሚጠቅም መዝገብ ይሆናል። በእግር የሄዱት ሰዎች ዛሬ ሸምግለዋልና ሥራው ባይዘገይ እንመርጣለን።